ሞፌን የገደለው ውሃው ነው ወይስ እኔ?

#1 ቀዳዳ_ፈላጊ

ሰላም ወገን፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። ማስተርሴን እየሰራሁ ነው፣ ስራዬ ከጭስ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅሞ የሚይዝ ባለ ቀዳዳ ማቴሪያል መስራት ነው። ጭስ ውስጥ ደሞ ሁሌም እንፋሎት አለ፣ ስለዚህ ገና ስጀምር የተነገረኝ ነገር «ውሃ የማይፈታው ይሁን» የሚል ነበር። ሁሉም ሰው ዚርኮኒየም ዚርኮኒየም ሲል ሰምቼ ዩ አይ ኦ-67 ያዝኩ፣ ዚርኮኒየምን በባይፌኒል ዳይካርቦክሲሊክ አሲድ የሚያያይዘው ሞፍ ማለት ነው። ታናሽ ወንድሙን ዩ አይ ኦ-66ን ትቼ 67ን የመረጥኩት ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል በኋላ አሚን (ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዝ ናይትሮጅን ያለው ሞለኪውል) ልጭንበት አስቤ ነው።

መጀመሪያ ሲወጣልኝ የምር ደስ ብሎኝ ነበር። ዲ ኤም ኤፍ በሚባል ማሟሟያ አጠብኩት፣ ከዛ በአሴቶን፣ ከዛ በቫኩም አደረቅኩት፣ ኤክስ አር ዲው (የኤክስሬይ መለኪያው) ላይ ፒኮቹ እንደ መርፌ ቆመዋል፣ ማለት ክሪስታሉ ስርዓቱን ጠብቋል፣ ቢ ኢ ቲው (የውስጥ ገጽ ስፋቱ) 2300 ስኩዌር ሜትር በግራም። ቀጥሎ የውሃ ቴስት ልስራ ብዬ 100 ሚሊግራም ያህሉን የተጣራ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ 24 ሰዓት በክፍል ሙቀት ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ አጣርቼ ቀጥታ ቫኩም ኦቨን ውስጥ 120 ዲግሪ ላይ አሳደርኩት፣ ጠዋት ስለካው 40። አዎ አርባ፣ ዜሮ አልረሳሁም። ኤክስ አር ዲውም አንድ ሰፊ ጉብታ ብቻ ሆኗል።

አማካሪዬ አየት አድርጎ «ፈርሷል፣ ሌላ ይፈለግ» ብሎ ሄደ። ሶስት ወር የተለፋበት ነገር ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ መተው አቃተኝ። ምን አጠፋሁ?

#2 ተጣበቅ

ወንድሜ ምን አስጨነቀህ፣ ዚፍ-8 ተጠቀም። ዚንክና ሜቲል ኢሚዳዞል ነው፣ ሜታኖል ውስጥ ቀላቅለህ ትንሽ ስትጠብቅ ነጭ ሆኖ ይወርድልሃል፣ ኦቨንም አያስፈልግህም። ውሃ ውስጥ ብትቀቅለው ምንም አይሆንም። እኔ በግሌ ቀቅዬዋለሁ 😀

#3 ጋሽ_ወንፊት

ተቀቅሎ አለመሞቱ እውነት ነው። ግን ቆሞ ምን ሊሰራልህ ነው? ዚፍ-8 በ25 ዲግሪ፣ በ1 ባር ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስር የሚይዘው ከ1 ሚሊሞል በግራም በታች ነው። ጭስ ደሞ ንጹህ አይደለም፣ ከድንጋይ ከሰል ከሆነ ከ12 እስከ 15 ፐርሰንት፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ከሆነ 4 ፐርሰንት አካባቢ ነው። በዛ ግፊት የሚይዘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እዚህ ሙያ ውስጥ ሰው ሁሉ «ውሃ የማይጎዳው» ሲል ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ይጨፈልቃል። አንደኛው፦ ውሃ ሲነካው ማዕቀፉ ይቆማል ወይ? ሁለተኛው፦ ውሃ አጠገቡ እያለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቦታ ያገኛል ወይ? ዚፍ-8 አንደኛውን ያልፍና ሁለተኛው ላይ ገና ሳይጠየቅ ይወድቃል፣ መያዣ የለውማ። ዚዮላይት 13ኤክስ (ሞፍ ያልሆነ ባለ ቀዳዳ ማዕድን መሰል ነገር) ደሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ውሃ አያፈርሰውም፣ ደረቅ ጋዝ ላይ ጎበዝ ነው፣ እርጥብ ጋዝ ስትሰጠው ግን ውሃውን ጠጥቶ ይጠግብና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያየ ያሳልፈዋል። ያንን ውሃ ለማስወጣት ደሞ ወደ 300 ዲግሪ ልታሞቀው ነው።

#4 ጀማሪ_ነኝ

ጥያቄዬ የሞኝ ከሆነ ይቅርታ፣ ሞፍ ሞፍ ትላላችሁ፣ ምንድነው እሱ? ስፖንጅ ነገር ነው?

#5 ዚርኮን

የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ህንጻ ሲሰራ ዙሪያውን የሚቆመውን መወጣጫ አስበው። መገጣጠሚያዎቹ የሜታል ስብስቦች ናቸው፣ ዘንጎቹ ሊንከር የምንላቸው ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች፣ ይሄ ወደ ላይ ወደ ጎን እየተደጋገመ ይሄዳል፣ መሀሉ ባዶ። ባዶው ከመብዛቱ የተነሳ የ1 ግራም የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ በሺህ የሚቆጠር ስኩዌር ሜትር ነው። የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ የተሰጠውም በዚሁ ስራ ነው። ስፖንጅ ካልከው ስፖንጅ ነው፣ ቀዳዳው ግን በአንግስትሮም (የሜትር አስር ቢሊዮንኛ) የሚለካ ነው፣ ስፋቱንም ሊንከር እየቀያየርክ አንተ ትወስናለህ።

@ቀዳዳ_ፈላጊ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ገና እርጥብ እያለ ኤክስ አር ዲ ሰርተሃል? ሳታደርቀው፣ እንደ ሊጥ ሆኖ ሳህኑ ላይ ቀብተህ?

#6 ቀዳዳ_ፈላጊ

አልሰራሁም፣ ለምን? ደሞ «ሰርተሻል» ነው :)

#7 ዚርኮን

ይቅርታ እህቴ 🙏

ለምን መሰለሽ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ሳምፕል ያደረቅሽው ከአሴቶን ነው፣ ሁለተኛውን ከውሃ። እኔ የምጠረጥረው ውሃ ውስጥ የተቀመጠበትን 24 ሰዓት ሳይሆን ኦቨን ውስጥ ያደረበትን ሌሊት ነው። የውሃ የገጽ ውጥረት 72 ሚሊኒውተን በሜትር አካባቢ ነው፣ የአሴቶን 23 አካባቢ። ውሃው ከጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እየተነነ ሲወጣ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። የስዕል ብሩሽ ውሃ ውስጥ እያለ ፀጉሩ ተበትኖ ይቆማል አይደል? ስታወጪው ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ ሹል ይሆናል። ብሩሹን ውሃ አልበላውም እኮ፣ መውጣቱ ነው ያጣበቀው። ዩ አይ ኦ-67 ላይ ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ ዚርኮኒየሙና ካርቦክሲሌቱ (ሜታሉን የሚይዘው የሊንከሩ ጫፍ) ሳይላቀቁ ቀዳዳው ይደረመሳል።

ስለዚህ እርጥቡን ለኪው። ፒኮቹ ካሉ ውሃው ነጻ ነው፣ ጥፋተኛው ማድረቁ ነው።

#8 ሰማያዊ_ዱቄት

ኧረ ቀስ በሉ፣ ውሃን እንዲህ ነጻ አታውጡት። እኔ ኤች ኬ ዩ ኤስ ቲ-1 ላይ ሁለት አመት ሰርቻለሁ፣ ያ የመዳቡ ሞፍ ነው። አሙቀሽ ስታደርቂው ጥቁር ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ቀለም አለው፣ በጣም ያምራል፣ ጠርሙሱን ከፍተሽ ስትተዪው አይንሽ እያየ ወደ ውሃ ሰማያዊ ይቀየራል፣ ምክንያቱም ውሃው የመዳቡ ክፍት ቦታ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ ስታሞቂው ይመለሳል። እኛም ይመለሳል እያልን ክዳኑን እየረሳን ስንጠቀምበት ቆየን፣ ከወራት በኋላ ቀለሙ እንደ ድሮው ይመለሳል ግን የሚይዘው ጋዝ በግማሽ ወርዷል፣ ኤክስ አር ዲውም ላይ የማናውቃቸው ትናንሽ ፒኮች በቅለዋል። ቀለም ያታልላል ለማለት ነው። እዛ ላይ ያደረቅነው ነገር አልነበረም የገደለው፣ ውሃው ራሱ ገብቶ ትስስሩን በጠሰው።

#9 ጋሽ_ወንፊት

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የተለያየ ሟች ነው የምታወሩት።

ሞፍ-5ን እንውሰድ፣ በ1999 የወጣው፣ ዚንክና ቴሬፍታሊክ አሲድ። እሱ አየር ላይ ያለ እርጥበት ይበቃዋል። ዚንኩ 2+ ነው፣ ካርቦክሲሌቱን የያዘው ላላ ብሎ ነው፣ ውሃ መጥቶ ኦክስጅኑን ለዚንኩ ሲሰጥ ሊንከሩ ፕሮቶን ተቀብሎ ይለቃል። በቃ አንዱ ዘንግ ወጣ፣ ቀጥሎ ሌላው። የሜታሉ ቻርጅ ከፍ ሲል ግን፣ ዚርኮኒየም 4+፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም 3+፣ ኦክስጅኑን ጨብጦ ይይዛል። ፒርሰን በ1963 ያወጣው የሃርድና ሶፍት ህግ እዚህ ላይ በደንብ ይሰራል፣ ሃርዱ (እንደ ዚርኮኒየምና ኦክስጅን ያለው) ከሃርዱ ይጣበቃል፣ ሶፍቱ ከሶፍቱ። ዩ አይ ኦ-66 ላይ አንዱ የዚርኮኒየም ስብስብ በ12 ሊንከር ነው የተያዘው፣ አንዱ ቢለቅ አስራ አንዱ አሉ፣ የለቀቀውም ተመልሶ የሚገጥምበት እድል አለ።

#10 ጀማሪ_ነኝ

ቆይ ጋሼ፣ ዚንክ ላላ ብሎ ነው የሚይዘው ካሉ ዚፍ-8ም እኮ ዚንክ ነው። እሱ እንዴት ተቀቅሎ ይድናል?

#11 ጋሽ_ወንፊት

ጎበዝ፣ እሱን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። እዛ ዚንኩን የያዘው ኦክስጅን ሳይሆን የኢሚዳዞል ናይትሮጅን ነው። ሊንከሩ ፕሮቶኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ እይ፣ ያው ሜታሉንም እንደዛው ነው የሚይዘው። የቴሬፍታሊክ አሲድ የመጀመሪያው ፒ ኬ ኤ (ያንን ጥብቀት የሚለካው ቁጥር) 3.5 አካባቢ ነው፣ የኢሚዳዞል 14 አካባቢ። 14 ያለው ነገር ዚንኩን ከያዘ ለውሃ ብሎ አይለቅም። በዛ ላይ ሜቲሎቹ ወደ ቀዳዳው ስለሚያዩ ውሃው መግባትም ይፀየፋል። አሲድ ውስጥ ግን ክተተው፣ ያኔ ታየዋለህ፣ ዩ አይ ኦ-66 ቆሞ ዚፍ-8 ይሟሟል። ሁሉን የሚችል ሞፍ የለም።

#12 የቦይለር_ሰው

እኔ ኬሚስት አይደለሁም፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ግን ስታወሩ ግርም አለኝ። ጋዙን መጀመሪያ አድርቁታ! ማድረቂያ አስገብታችሁ ከዛ የፈለጋችሁትን ሞፍ ተጠቀሙ። ይሄ ሁሉ የሊንከር ታሪክ ለምንድነው?

#13 ጋሽ_ወንፊት

ወንድሜ አንተው ሂሳቡን ስራው። ጭሱ ታጥቦ 40 ዲግሪ ላይ ሲመጣ በእንፋሎት የጠገበ ነው፣ በ40 ዲግሪ የውሃ የእንፋሎት ግፊት 7.4 ኪሎፓስካል ነው፣ ማለት ከጋዙ 7 ፐርሰንት አካባቢው ውሃ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 13 ፐርሰንት ቢሆን ለ1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ200 ኪሎ በላይ ውሃ አብሮ ይመጣል። ያንን ውሃ ማድረቂያ ላይ ይዘህ መልሰህ ለማትነን፣ ሌላውን ብክነት ትተን፣ ውሃውን ለማትነኑ ብቻ ግማሽ ጊጋጁል ገደማ ሄደ። አሁን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያዝበት፣ 30 ፐርሰንት ኤም ኢ ኤ የሚባል አሚን ያለበት ውሃ በአጠቃላይ በቶን ከ3 እስከ 4 ጊጋጁል ነው የሚበላው፣ እኛ ደሞ የምንለፋው ከሱ ለመውረድ ነው። ገና በር ላይ ግማሽ ጊጋጁል ከፍለህ ገብተህ ምን አተርፋለሁ ትላለህ።

#14 የቦይለር_ሰው

እሺ ተቀብያለሁ። ትንሽ ማሞቅስ? ጋዙን ማድረቅ ሳይሆን አንጻራዊ እርጥበቱን ማውረድ። 40 ዲግሪ ላይ የጠገበውን 60 ዲግሪ ብታደርሰው ውሃው ያው ነው ግን የ60 ዲግሪ ጥጋብ 20 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሆነ እርጥበቱ ከ100 ወደ 37 ፐርሰንት ይወርዳል። የሚባክን ሙቀት ደሞ ፋብሪካ ውስጥ ሞልቷል።

#15 ጋሽ_ወንፊት

ይሄ የምር ጥሩ ሃሳብ ነው። 60 ዲግሪ ላይ የምትይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቀንሳል፣ እሱን ዋጋ ትከፍላለህ፣ ግን ካልፍ-20 ላሉት በደንብ ይሆናል።

#16 ጀማሪ_ነኝ

ካልፍ-20 ደሞ ምንድነው 😅

#17 ኮምፒውተር_ላይ_ነኝ

ይሄን ለእኔ ተዉልኝ፣ ይሄ ማቴሪያል በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ስሙ ከካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው፣ የሺሚዙ ቡድን በ2021 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ነው። ዚንክ፣ ትራያዞል፣ ኦክሳሊክ አሲድ፣ በቃ። ሶስቱም ርካሽ። ትራያዞሉ በናይትሮጅኖቹ ዚንኩን ይይዛል፣ ጋሼ ያሉት የናይትሮጅን ነገር ማለት ነው፣ ኦክሳሌቱ ደሞ ንጣፎቹን እንደ ምሰሶ ያያይዛል። የሚገርመው አጥብቆ አለመያዙ ነው። ማግኒዥየም ሞፍ-74ን ተመልከቱ፣ በ1 ባር 8 ሚሊሞል በግራም ያህል ይይዛል፣ ወረቀት ላይ ንጉስ ነው፣ ምክንያቱም ሜታሉ ራቁቱን ቀዳዳው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ግን ያ ራቁት ሜታል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ውሃን ይወዳል። በ70 ፐርሰንት እርጥበት ካለፈ በኋላ አድርቀው ሲለኩት ከመጀመሪያው አቅሙ የቀረው 16 ፐርሰንት ብቻ ነበር።

ካልፍ-20 ላይ ራቁት ሜታል የለም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቀዳዳው መሀል ላይ ይቀመጥና ከየግድግዳው ትንሽ ትንሽ ይሳባል፣ ቀዳዳው ልኩ ስለሆነ። ውሃ ደሞ እዛ ቦታ ላይ የሚጨብጠው ነገር የለም፣ ውሃ ብቻውን መሆን አይወድም፣ ሌላ ውሃ ካላገኘ አይረጋጋም። ስለዚህ እርጥበቱ እስከ 40 ፐርሰንት ድረስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያሸንፋል፣ ከዛ በላይ ግን ውሃዎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ሰንሰለት ሰርተው ይገቡና ቦታውን ይወስዳሉ። @የቦይለር_ሰው ያልከው 37 ፐርሰንት ለዚህ ነው ደስ ያለኝ, ልክ ከመስመሩ በታች ነው። በእንፋሎት ከ450,000 ዙር በላይ ተፈትኖም ቆሟል፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ላይም በቀን 1 ቶን መጠን ተሞክሯል።

#18 ተጠራጣሪው

አንድ ጥሩ ምሳሌ አግኝታችሁ ሃያ አመት ሙሉ የወጣውን ቆሻሻ ትሸፍኑበታላችሁ። ሞፍ ለፔፐር ነው። አንድ ሰው 50 ሚሊግራም ይሰራል፣ ደረቅ ናይትሮጅን ላይ ይለካል፣ ስም ያወጣለታል፣ ያልፋል። ሞፍን ከውሃ ጋር ማስታረቅ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

#19 ሰማያዊ_ዱቄት

50 ሚሊግራሙ እውነት ነው፣ አንገቴን ደፍቻለሁ 😂 ግን ካልፍ-20ን ባስፍ በቶን ደረጃ እያመረተው ነው፣ እሱን ለፔፐር ነው ማለት አትችልም።

#20 ተጠራጣሪው

አንዱን አልኩ እኮ። ሌሎቹስ?

#21 ኮምፒውተር_ላይ_ነኝ

ሌሎቹን በእጅ ሰርቶ መጨረስ ስለማይቻል ነው እኛ ያለነው። በ2019 ኔቸር ላይ የወጣ ስራ አለ፣ ከ300,000 በላይ የታሰቡ ሞፎችን በኮምፒውተር ፈትሸው እርጥብ ጭስ ላይ የተሻሉት ምን የጋራ ነገር አላቸው ብለው ፈለጉ። ከወጡት አንዱ መልክ በጣም ቀላል ነው፣ ሁለት ጠፍጣፋ የቤንዚን አይነት ቀለበቶች ትይዩ ሆነው 7 አንግስትሮም ገደማ ተራርቀው መቆም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሀላቸው ልክ ሳንድዊች ሆኖ ይገባል፣ ውሃ ግን ሃይድሮጅን ቦንድ የሚሰራበት ነገር እዛ ስለሌለ ግዴለውም። ከዛ ሁለቱን ላብ ውስጥ ሰርተው አሳዩ፣ አንደኛው የአሉሚኒየም ፖርፊሪን ነው። እርጥበት ቢጨመርበትም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አቅሙ የጎላ ነገር አላጣም።

የኛም ሲሙሌሽን ድክመት አለው፣ አንዱን ልንገራችሁ። ማዕቀፉ አይነቃነቅም ብለን ነው ብዙ ጊዜ የምናሰላው፣ ስለዚህ @ዚርኮን ያለውን መደርመስ ፈጽሞ አናየውም። ኮምፒውተር ላይ ሞፍ አይሞትም።

#22 አሚናት

ስሜ አሚናት ስለሆነ አሚን ላይ መስራቴን ሰው ሁሉ እንደ ቀልድ ያየዋል፣ ለምጄዋለሁ።

ሁላችሁም ውሃን ጠላት አድርጋችሁ ነው የምታወሩት፣ አሚን ላይ ግን ውሃ ወዳጅ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአሚን ጋር በኬሚካል ነው የሚያያዘው፣ ደረቅ ሲሆን ሁለት አሚን አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛሉ፣ ውሃ ሲኖር ባይካርቦኔት ስለሚሆን አንዱ አሚን ለብቻው አንዱን ሊይዝ ይችላል። ደሞ አሚንን በደረቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ በሙቀት ስታድሺው ወደ ዩሪያ እየተቀየረ ይሞታል፣ ትንሽ እርጥበት ይሄን ይከላከልለታል። በ2024 የያጊ ቡድን ያወጣው ኮፍ-999 የሚባለው፣ ሜታል የሌለው ማዕቀፍ ነው፣ ውስጡ አሚን አብቅለውበት ከተራ ውጭ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 0.04 ፐርሰንት ከሆነ አየር፣ 100 ዙር ይዞ ለቋል፣ በእርጥበት ደሞ ከደረቁ የተሻለ ነው የያዘው፣ ለማስለቀቅ 60 ዲግሪ በቃው። ማዕቀፉ ካርቦን ከካርቦን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ውሃ የሚበጥሰው ቦታ የለም።

@ቀዳዳ_ፈላጊ ስለዚህ አሚን ልጫን ማለትሽ ጥሩ ነው። ግን ዝም ብለሽ አርሰሽ የምታስገቢው ከሆነ ውሃ ቀስ በቀስ አጥቦ ያወጣዋል፣ በቦንድ የታሰረ ይሁን። የኔ ምክር ይሄ ነው።

#23 ቀዳዳ_ፈላጊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ማታ ማታ እየደጋገምኩ ነው የማነበው። ነገ ኤክስ አር ዲ ተራ አለኝ፣ እርጥቡን እለካለሁ። ውሃው ውስጥ የወጣ ሊንከር ካለ ለማየት የተጣራውን ውሃ ኤን ኤም አር (የሞለኪውሎቹን ማንነት የሚለይ መለኪያ) ልስጠው?

#24 ዚርኮን

ስጪው ግን አትመኚው። ባይፌኒል ዳይካርቦክሲሊክ አሲድ በተራ ውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ቢለቅም እዛው ዱቄቱ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ውሃው ንጹህ ይመስልሻል። ከዱቄቱ ቆንጠር አድርገሽ ዲ ኤም ኤስ ኦ በሚባል ማሟሟያ እጠቢውና እሱን ለኪ። ኤክስ አር ዲው ላይም የሊንከሩ የራሱ ፒክ መኖር አለመኖሩን እይ። ስንት ሰው ነው በንጹህ ውሃ ተታሎ «አልፈረሰም» ብሎ የጻፈው።

#25 ቀዳዳ_ፈላጊ

ወገን!!! ወገን ወገን

እርጥቡ ላይ ፒኮቹ በሙሉ አሉ። በሙሉ! ከመጀመሪያው ጋር ደርቤ አየሁት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይሄዳል። ዲ ኤም ኤስ ኦው ውስጥም ሊንከር የለም። ከዛ ያንኑ እርጥብ ዱቄት በአሴቶን ሶስት ቀን፣ በቀን ሶስቴ እየቀየርኩ አጠብኩት፣ ልክ እንደ መጀመሪያው አደረቅኩት፣ ቢ ኢ ቲ 2210። ሞፌ አልሞተም፣ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በኦቨን።

@ዚርኮን እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ለአማካሪዬ አሳየዋለሁ።

#26 ተጣበቅ

እልልልል 🎉 ዚፍ-8 ማለቴን ረስቼዋለሁ፣ እናንተም እርሱት

#27 ጋሽ_ወንፊት

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ደስታሽን ላበላሽ አይደለም፣ ግን አማካሪሽ ጋ ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር አስቢበት። ማቴሪያሉ ኮለን (ጋዙ የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ገብቶ ሲሰራ በየዙሩ እርጥብ ጋዝ ይመጣል፣ እርጥበቱ ከፍ ካለ ቀዳዳው ውስጥ ውሃ ይሞላል፣ ከዛ ለማስለቀቅ ታሞቂዋለሽ፣ ውሃው ይወጣል። ያ ማለት ኦቨንሽ ውስጥ ያደረገውን ነገር በየዙሩ ልትደግሚበት ነው። በየዙሩ መሀል አሴቶን ልታፈሺበት ነው?

#28 ቀዳዳ_ፈላጊ

...

ጋሼ ይሄን ሳነብ ዝም ነው ያልኩት

#29 ሰማያዊ_ዱቄት

ኡፍ። አማካሪዋ በስህተት ምክንያት ትክክል ነበር ማለት ነው?

#30 ዚርኮን

ግማሽ ትክክል። እኔም በዛ በኩል አላሰብኩትም፣ እውነቱን ለመናገር «ፈረሰ ወይስ ተደረመሰ» የሚለው ላይ ተጠምጄ ነበር። ለተጠቃሚው ሁለቱም ያው ነው፣ ቀዳዳ የለም። ግን መውጫው ይለያያል። ትስስሩ ቢሆን የሚበጠሰው ሜታሉን ወይ ሊንከሩን መቀየር ነበረባት። መደርመስ ከሆነ ግን ዋናው ነገር ውሃው ቀዳዳው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ እንዳይሞላ ማድረግ ነው። የ67 አይሶተርም (እርጥበቱ ሲጨምር ምን ያህል ውሃ እንደሚገባ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ ውሃ መጀመሪያ አይገባም፣ ጠፍጣፋ ነው፣ የሆነ እርጥበት ላይ ሲደርስ ነው ዘልሎ የሚሞላው። ከዛ ዝላይ በታች ከቆየሽ የሚጎትት ፈሳሽ የለም። አለበለዚያ ወደ 66 ውረጂ፣ ሊንከሩ አጭር ነው፣ መግቢያው 6 አንግስትሮም አካባቢ ነው ከ67ቱ 8 ጋር ሲነጻጸር፣ ከውሃ ቀጥታ ቢደርቅም ይቆማል። ጠባብ ቀዳዳ ደሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የተሻለ ያቅፋል።

#31 አሚናት

66 ላይ ግን ትልልቅ አሚን አይገባም። አሚኖ ቴሬፍታሊክ ተጠቅመሽ ዩ አይ ኦ-66 ኤን ኤች 2 መስራት ትችያለሽ፣ ያ ግን ቀለበቱ ላይ ያለ ደካማ አሚን ነው፣ እኔ የምለውን የኬሚካል አያያዝ አይሰራም፣ ትንሽ መሳብ ብቻ ነው የሚጨምረው። ተስፋ እንዳታደርጊበት ብዬ ነው።

#32 ቀዳዳ_ፈላጊ

ይቅርታ ጠፋሁ፣ አምስት ሳምንት ሆነኝ መሰለኝ። ውጤቱን ላምጣ ብዬ ነው።

67ን እና 66ን ጎን ለጎን 10 10 ዙር አስኬድኳቸው፣ አንዴ በ35 ፐርሰንት እርጥበት አንዴ በ80፣ ማስለቀቂያው 100 ዲግሪ ናይትሮጅን። 67 በ80 ፐርሰንት ገና በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ቢ ኢ ቲውን አጣ፣ በአራተኛው ዙር የቀረው ለስሙ ነው። ሳምፕሉን ሳወጣው ራሱ የድሮው ለስላሳ ዱቄት አይደለም፣ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ከማንኪያው ጋር ይንኳኳል። በ35 ፐርሰንት ግን 10 ዙር ጨርሶ ለውጡ ከመለኪያው ስህተት አይበልጥም። 66 በሁለቱም ቆመ። 80 ላይ ግን ቆሞም አልጠቀመኝም፣ ብሬክስሩን (ጋዙ ኮለኑን አልፎ መቼ እንደሚወጣ የሚያሳይ ሙከራ) ስሰራ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወዲያው ነው ያለፈው፣ ቀዳዳው ውሃ ይዟል። ጋሼ ያሉት ሁለተኛው ጥያቄ ማለት ነው።

አማካሪዬ የ67ቱን ሁለት መስመር አንድ ግራፍ ላይ ሲያይ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። «ሌላ ይፈለግ» አላለም። አሁን ከ35 እስከ 80 ባለው መሀል በየ5 ፐርሰንቱ እየሄድኩ መደርመሱ የሚጀምርበትን ነጥብ እየፈለግኩ ነው፣ ከዛ ጋዙን ስንት ዲግሪ ብናሞቀው ከዛ ነጥብ በታች እንደምንቆይ እናሰላለን፣ የ@የቦይለር_ሰው ሃሳብ ነው፣ ስምህን ምስጋናው ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?

#33 የቦይለር_ሰው

«የቦይለር ሰው» ይበቃኛል 😀 ግን እርጥበት መለኪያሽን ከኮለኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ ያስገባሽው? በፊት ከሆነ ቱቦው ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ 80 ያልሽው 80 ላይሆን ይችላል፣ እኛ ጋ ስንት ጊዜ በዛ ተታለናል።

#34 ቀዳዳ_ፈላጊ

...በፊት ነው። ቱቦውን አሁኑኑ ሄጄ ልንካው።